እንዳትጨነቂ ብዬ

እትዬን አንቱ ያላት ሰው ወዮለት። «ገና ባል እፈልጋለሁ እኮ፤ ምነው ገበያዬን ባትዘጊብኝ?» ትላለች። ዕድሜዋ ሃምሳን ዘሏል፤ ጎንደሬ ናት፤ ካርቱም የገባችው እኔ ወሎ ውስጥ ፊደል ስቆጥር በነበረ ጊዜ ነው። አርካዊት የሚባል ሰፈር አንድ ትልቅ ቤተሰብ ዘንድ ምግብ ታበስል ነበር፤ ማታ ማታ ሐጅ ዩሱፍ ወደሚባለው ሰፈር ትመለሳለች። ሐጅ ዩሱፍ ያለችው ክፍል በእሷ ስም የተያዘች ትሁን እንጂ የአምስታችን ናት። እኛ አራታችን አሠሪዎቻችን ቤት እያደርን የምንሠራ ነን። ጁምዓ፣ ዓርብ ማለት ነው፣ የእረፍት ቀናችን ስለሆነ ከያለንበት በሀፊላ አውቶቡስና በራክሻ ባጃጅ ተጠራርተን እዚያች ክፍል እንገናኛለን። ልብስ እናጥባለን፣ አብረን እንበላለን፣ እንደልባችን በአማርኛ እንሳሳቃለን። የጁምዓ ቤት ነበር የምንላት።

ጦርነቱ ከበተነን ወዲህ ያቺ ክፍል ትኑር አትኑር አላውቅም። እትዬ አሁን መተማ ናት፤ በስልክ እየተሰዳደብን እንኖራለን። እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፣ ሰው ለማድነቅ አፌ አይፈታም። ይህቺን ሴት ግን ሳላደንቃት ብቀር ራሴን አልወደውም።

መጀመሪያ ያወቀችብኝ በጎኔ ነው። ካፉሪ ሰፈር፣ የምሠራበት ቪላ እያለሁ፣ ከጀርባዬ ተነስቶ ወደ ጡቴ ሥር የሚዞር ሽፍታ ወጣብኝ። እሳት ነው። ልብስ ሲነካኝ እንኳ እንባዬ ይመጣል። ማዳም ስታየኝ ካውያ አቃጥሎኝ ነው አልኳት፤ የጁምዓ ቤት ልጆች ሲጠይቁኝም ያንኑ ደገምኩ። ካውያ እንዴት አድርጎ ጀርባ እንደሚያቃጥል የጠየቀኝ የለም። እትዬ ግን ልብስ ስቀይር አንድ ጊዜ አየት አደረገችኝ። ትንሽ ቆየችና ሦስቱን ልጆች ሱቅ ላከቻቸው፤ አንዷን ለሽንኩርት፣ አንዷን ለሳሙና፣ ሦስተኛዋን «እነሱ እንዳይጠፉ» ብላ። በሩን ዘጋችና ቀሚሷን እስከ ብብቷ ሰብስባ የግራ ጎኗን አሳየችኝ። የቆየ ጠባሳ አለ፣ ጠቆር ያለ፣ ወገቧን ከፍ ብሎ የዞረ።

«ይህቺን አልማዝ እኔም አጥልቄያታለሁ» አለችኝ።

አልማዝ ባለጭራ መሆኑ ያኔ ገባኝ። ሀገር ቤት ስሙ ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ከምን ጋር እንደሚያያይዙት ሁሉም ያውቃል።

«እሱ የወጣበት ሁሉ ኤችአይቪ አለበት ማለት አይደለም» አለች፣ ቀሚሷን እያወረደች። «እኔ ግን አለብኝ። ስንት ዓመቴ ነው መሰለሽ! ሄደን እንመርመር። ከሌለብሽ ትስቂብኛለሽ። ካለብሽ ደግሞ እኔን እይኝ፤ የምሞት እመስላለሁ?»

አትመስልም። ክንዷ የእኔን ሁለት ያህላል። እኔ በሷ ቦታ ብሆን፣ ሰው ሀገር፣ ዓመት ላልሞላት ጓደኛ፣ ምስጢሬን ቀሚሴን ገልጬ አላሳይም ነበር። ሞኝሽን ፈልጊ ነበር የምለው።

ሄድን፤ ተመረመርኩ፤ አለብኝ። መድኃኒት ጀመርኩ።

ለራሴ ያለቀስኩት ጥቂት ቀን ነው። እትዬን እያየሁ ለራሴ ማልቀስ ያሳፍረኛል። እንቅልፍ የነሳኝ የልጄ ነገር ነው። ከእናቴ ዘንድ ትቻት ስመጣ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሰባት ደፍናለች። አምጬ የወለድኳት፣ ዓመት ከመንፈቅ ጡቴን ያጠባኋት እኔ ነኝ። ቫይረሱ መቼ እንደገባብኝ በምን አውቃለሁ? ባሌ ሹፌር ነበር፤ እኔ ካርቱም በገባሁ በዓመቱ ሞተ፣ ሳንባ ነው አሉኝ፣ አምኜ ተቀመጥኩ። አሁን ልጅቱን አስመርምሩልኝ እንዳልል የራሴን መናገር ሊኖርብኝ ነው። እናቴ ደግሞ ደም ግፊት አለባት። ብነግራት ትወድቅብኛለች አልኩና ዝም አልኩ። በቪዲዮ ስንደዋወል ልጄ ስለ ትምህርት ቤቷ ታወራኛለች፣ እኔ አልሰማትም፤ ከስታለች? አንገቷ ሥር እብጠት አለ? «ወደ ብርሃኑ ዞር በይ እስኪ» እላታለሁ። አንድ ጊዜ ካሳለች ያ ሳምንት አለቀልኝ ማለት ነው።

ከወራት በኋላ ለክትትል ስንሄድ እትዬ እንደ ልማዷ አብራኝ ገባች። ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት፣ ዶክቶራ ነው የምንላት፣ ረጋ ያለች። የእኔ ዓረብኛ የወጥ ቤት ዓረብኛ ስለሆነ እትዬ ታስተረጉምልኛለች፤ ስታስተረጉም የራሷንም ጣል ታደርግበታለች።

ዶክቶራ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። መድኃኒቱ ቫይረሱን ይዞታል፣ ደሜ ውስጥ መባዛቱን አቁሟል፤ ይሄ ጥሩ ነው አለች። የሰውነቴ ወታደሮች የሚሏቸው፣ በሽታ የሚከላከሉት፣ ግን ይጨምራሉ ሲባል ጭራሽ ቀንሰዋል። ትበያለሽ ወይ? አዎ። ኪኒኑን ዘለሽ ታውቂያለሽ? ወላሂ አላውቅም። ትተኛለሽ? አዎ አልኳት። ዓይኔ ሥር ያለውን ጥቁረት አየችው፣ እኔም ማየቷን አየሁ። ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ ሌላም ምርመራ እናደርጋለን አለች። ነገር ግን ሰው ቀን ከሌት ሲጨነቅ፣ ሳይተኛ ሲከርም፣ ሰውነቱም መከላከሉ ላይ እየሰነፈ ይመጣል፤ ኪኒን ለዚያ አይደርስም።

እትዬ ሁሉንም ሰማችና ወደ እኔ ዞረች። «ውሸታም ናት እያለችሽ ነው» አለችኝ።

«እንደዚያ አላለችም።»

«እኔ እያልኩሽ ነዋ።»

ለጭንቀት የእትዬ መላ ከድሮም ቋጠሮ ነበር። ራሳችን ላይ የምንጠመጥመውን ሻሽ በሱዳኖቹ አጠራር ታርሃ እንለዋለን። በሳምንቱ ውስጥ ሐሳብ የመጣባት ሰው ከታርሃዋ ጫፍ ላይ አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች፤ «ለጁምዓ ቆየኝ» ብላ ወደ ሥራዋ። ጁምዓ፣ ልብስ አጥበን ስንጨርስ፣ የግቢው ግድግዳ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ቋጠሯችንን እንፈታለን። እያንዳንዷ የምትፈታው የምን እንደሆነ ትናገራለች፣ ሌሎቹ ይሰማሉ። ካልጠየቁሽ ምክር መስጠት ክልክል ነው፤ ይሄ ሕግ በጣም ነበር የሚያስቸግረኝ። ከቋጠሮው ግማሹ የምን እንደነበረ ጁምዓ ሲደርስ ይጠፋናል። አንዷ ልጅ ሦስት ቋጥራ መጥታ ሁለቱን ረስታቸው ቁጭ ብላ ስታስብ እትዬ፣ «ተያቸው እቴ፣ መንገድ ላይ ሞተዋል» አለቻት፤ ያን ቀን እስኪደክመን ሳቅን።

ይሄን ነገር የጀመረችው ለራሷ ነው። መድኃኒት በጀመረችበት ዘመን ሐሳብ ሊገድላት ደርሶ ነበር አሉ። «ደሜ ሁለት ሥራ አይችልልኝም» ትላለች፣ «ወይ ይዋጋልኝ ወይ ይጨነቅልኝ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንዲጨነቅ ፈቅጄለታለሁ።» ኪኒኗንም ተደብቃ ውጣ አታውቅም። የስልኳ ደወል ሲጮህ «ባሌ መጣ» ትልና በሁላችን ፊት ትውጣለች። አዲስ ልጅ ወደ ጁምዓ ቤት ስትመጣ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣ «እኔ ኤችአይቪ አለብኝ። ብርጭቆዬን የምትፈሪ ከሆነ ሀፊላው እዚያ ጋ ነው የሚቆመው» ትላታለች። ሲያዩት ጭካኔ ይመስላል። አንዷም ግን ወደ ሀፊላው ስትሄድ አላየሁም። የእኔን ነገር ደግሞ ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ እሱ በኔ አፍ ነው የሚነገረው።

እኔ በየጁምዓው የምፈታው ተራ ተራውን ነበር። ማዳም ስለሰደበችኝ፣ ብርጭቆ ስለሰበርኩ። የልጄን ቋጠሮ ከዳር፣ ከጥልፉ ጋር አጥብቄ ቋጥሬው፣ አንድም ጁምዓ አልነካሁትም። ታርሃውን ስተኩስ እንኳ ዙሪያውን ነው የምተኩሰው።

ከዶክቶራ ከተመለስን በኋላ በነበረው ጁምዓ ልጆቹ ሶላት ሄደው እኔ ቀርቼ ነበር፤ የወር አበባ ቀኔ ስለነበር አልሰግድም። እትዬ የታጠበውን ልብስ ከገመድ ላይ እየሰበሰበች ታርሃዬ ላይ ደረሰች። ጫፉን ያዘች። በጥርሷ ጭምር ታግላ ፈታችው። ውጪው በእጥበት ብዛት ነጣ ብሏል፤ የተቋጠረው ውስጡ ግን በዕለቱ የተገዛ ይመስል ደማቅ ሰማያዊ ነው።

«ይሄ የስንት ወር ነው?» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። የሰው ዕቃ ምን አስነካሽ አልኳት። ማን ሾመሽ፣ የሰውን ጓዳ ጎድጓዳ ካልፈተሽሽ አይበላልሽም ወይ አልኳት። ልብሱን ታጣጥፋለች። ማጣጠፏ ይብስ አነደደኝና ስለ ልጄ ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ ማጥባቴን፣ የባሌን ሞት፣ የእናቴን ደም ግፊት። በመጨረሻም ዛሬም ሳስበው የሚያመኝን ነገር ተናገርኩ።

«አንቺ ልጅ የለሽም፤ ምን ታውቂያለሽ?» አልኳት።

ያጠፈችውን ቀሚስ ዘረጋችና እንደገና አጠፈችው።

«ነበረኝ» አለች። «ላስመርምረው፣ ባይሆንስ፣ ቢሆንስ እያልኩ ስፈራ ስፈራ ቀደመኝ። አራት ዓመቱ ነበር።»

እኔን ለማሳፈር አልነገረችኝም፤ ፊቷን አይቻለሁ። ሄዳ ምስሩን ከእሳት አወረደች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ተመልሳ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዛ መለሰችኝ።

«ራሲድ አለሽ?» አለችኝ። የስልክ ሂሳብ ማለቷ ነው።

«አለኝ።»

«ደውያ። እኔ እዚህ ነኝ። እናትሽ ከወደቀች ታናሽ እህትሽ አለች፣ ታነሳታለች። ልጅቱን ግን የሚያነሳት ቀድሞ ያወቀ ሰው ብቻ ነው።»

ደወልኩ። እህቴ አነሳች፤ ለእማ ስጪያትና ልጅቱን ይዘሽ ወደ ውጪ ውጪ አልኳት። እትዬ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እማ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ቁጭ በይ።»

«ቁጭ ብያለሁ።»

«ኤችአይቪ አለብኝ። መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ደህና ነኝ። አላህ ይስጥሽ፣ ልጄን አስመርምሪልኝ።» በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት።

ዝም አለች። ወደቀች አልኩ። እትዬ እጄን ያዘችኝ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች እናቴ።

አልሰማችኝም ማለት ነው ብዬ ልደግምላት ስል፣ «ሰምቼሻለሁ» አለች። «መድኃኒት ጀምረሻል? በትክክል ትውጫለሽ? አልሐምዱሊላህ። ልጅቱ የለባትም።»

«በምን አወቅሽ?»

«ባልሽ ሊሞት ሲል ነገረኝ። ‹ይሄ ነው ያለብኝ፤ እሷም ትመርመር፣ ልጅቱም ትመርመር› አለኝ። ሰደቃው በወጣ በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የለባትም አሉኝ። አላመንኳቸውም፣ ወር ቆይቼ ደግሜ ወሰድኳት። የለባትም። ላንቺ ልነግርሽ ግን ስልክ ባነሳሁ ቁጥር አፌ ላይ ይመጣል፣ ድምፅሽን ስሰማ ተመልሶ ይገባል።»

«ለምን?»

«ሰው ሀገር ብቻሽን ነሽ፣ በሐሳብ ትሞቺብኛለሽ ብዬ ነዋ። እንዳትጨነቂ ብዬ።»

የእኛ ሰው እንደዚህ ነው። ሰው ሀገር ላለ ሰው ክፉ ነገር አይነገርም። አባቷ ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ ቆይታ የሰማች ልጅ ጁምዓ ቤታችን ውስጥ ነበረች፤ በየሳምንቱ «ሜዳ ወርዷል» እያሏት ሰላምታ ትልክለት ነበር። ደግነት ነው፣ ሁላችንም የምናደርገው ነው። ያን ቀን ግን ደግነቱ መረረኝ። አራት ዓመት! ባሌ የተናዘዘውን ቃል እናቴ አራት ዓመት ታቅፋ ስትዞር፣ እኔ ሳልመረመር፣ ያለ መድኃኒት፣ የሰው ቤት ወለል ሳሸት ከረምኩ። እትዬ ጎኔን ባታየው ኖሮ ሬሳዬ ነበር የሚላክላት። «ብሞትስ ኖሮ?» ብዬ ልጮህባት አፌን ከፈትኩ።

ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «እኔም እኮ አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው የደበቅኩሽ» አልኳት።

እናቴ ማልቀስ ጀመረች። እኔም ጀመርኩ። እትዬ ሁለታችንን ትንሽ ታገሠችን፣ ከዚያ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«እናቴ፣ እንደምን ዋሉ። ልጅዎ እኔ ጋ ናት። ትበላለች፣ ኪኒኗን ትውጣለች፣ ትሳደባለች፤ ሙሉ ጤና ናት። ሁለታችሁም በደግነት ልትገዳደሉ ትንሽ ነበር የቀራችሁ።» እናቴ በለቅሶዋ መሃል ስትስቅ ሰማኋት። «እኔ አንቱን ነው የምጠይቀው» አለች እትዬ፣ «ከዚያ ወዲህ ተኝተው ያውቃሉ?»

«እንቅልፍማ...» ብላ እናቴ ተወችው።

«አሁን የሚጠብቁት ምስጢር የለም። ይተኙ እንግዲህ።»

የእኔ ወታደሮች ቁጥር ኋላ ከፍ ማለት ጀመረ። ዶክቶራ የመድኃኒቱም የጊዜውም ሥራ ነው አለች፤ እትዬ የእኔ ሥራ ነው አለች። ማንኛቸው ልክ እንደሆነች አልከራከርም። ያን ጁምዓ ግን ሀፊላ ውስጥ ተቀምጬ እንቅልፍ ይዞኝ ካፉሪን አልፌ መሄዴን አውቃለሁ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ለማዳም ምሳ ሽንኩርት እየከተፍኩ እህቴ ደወለች። በጠዋት ደውላ አታውቅም።

«እማ አልነሳ አለችኝ» አለች፣ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «የሱብሒ ሶላት አመለጣት። ሱብሒ አምልጧት ያውቃል? ብጠራት ብጠራት...»

ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። «ትተነፍሳለች?»

«ታንኮራፋለች።»

«ምን?»

«ታንኮራፋለች እኮ ነው የምልሽ። ግድግዳ ተደግፋ፣ መቁጠሪያዋን ይዛ ነበር የምታነጋው፤ በጎኗ ተኝታ ካየኋት ስንት ዓመቴ ነው። ልጅሽም እቅፏ ውስጥ ናት፤ ተነሺ ቁርአን ቤት ረፈደ ስላት ‹አያቴ እንዳትነቃ› ብላ አልነሳም አለችኝ። ምን ላድርጋቸው?»

«ተያቸው» አልኳት። «በሩን ገርበብ አድርጊው።»

ማዳም ወደ ወጥ ቤት ስትገባ ፊቴ በእንባ ታጥቦ አገኘችኝ። ምን ሆነሻል አለችኝ። ሽንኩርቱ ነው ልላት ነበር፤ ሁልጊዜ የምላት እሱን ነው። እናቴ ተኝታልኝ ነው አልኳት።